የበኩር ሳንቲም

መጋቢት 11 ቀን 2075 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስለ እማማ ሜሮን የእድራችንን መጋዘን በር ጠየቅኩት። በሩ አልከፍትም አለ።

እማማ ሜሮን ያን ዕለት በሕይወት ነበሩ። አንድ አባል ሕመም ሲጠናበት የእድሩ ጸሐፊ አስቀድሞ በሩን መጠየቁ ደንብ ላይ ያልሰፈረ ልማድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በብሎክ ስድስት አንድ ሰው ሞቶ በሩ አልከፍትም ብሎ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ያለ ድንኳን ዝናብ ላይ ቆሞ ከዋለ ወዲህ ነው የመጣው። ለቤተሰቡ አይነገርም። ጸሐፊው ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ሰው ወደ መጋዘኑ ጎራ ይላል፣ መዳፉን በሩ ላይ ያሳርፋል፣ የታመመውን ሰው ስም ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠራል።

በሩም ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰልኝ። «ሜሮን ገብረሕይወት። ውዝፍ አለ። የዕዳው መጠን፣ ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም።»

ደግሜ ጠየቅኩት። ደግሞ ያንኑ አለኝ።

ከዚያ በር ጀርባ ድንኳኑ፣ ሁለት መቶ ወንበር፣ ድስቶቹና የቀብር መኪናዋ አሉ። በየብሎኩ ኮሪደር የሚነፋው ጥሩንባም የታሰረው ከዚሁ በር ጋር ነው። በሩ ካልከፈተ ጥሩንባው አይነፋም፤ ጥሩንባው ካልተነፋ ደግሞ ከታች ፎቅ ያለው ሰው እንኳ ከላይ ሰው መሞቱን አይሰማም። እማማ ሜሮን ለአርባ አንድ ዓመት መዋጮ ከፍለዋል። ሐኪሙ የሰጣቸው ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀን ነበር።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ናሆም ናቸው። ሹፌር የሚባል ሥራ ሳይቀር በፊት የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ያገኘኋቸው ከብሎካችን ፊት ለፊት ባለው ቧንቧ ተራ ይዘው ነው።

በደብረ ብርሃን ብርድ ቧንቧ ዳር የሚያቆም ሌላ ነገር የለም፤ የሚያቆመው ቆጠራው ነው። ከብሩ ላይ ሦስት ዜሮ ከተቆረጠ ወዲህ ሳንቲም እንደገና ገንዘብ ሆኗል። የአንድ ሰከንድ ውሃ ከሳንቲም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሰባት ሰከንድ የቀዳ ሰው ካርዱ ላይ 0.00 ይነበባል፤ ስምንት ሰከንድ የቀዳ ግን ግማሹን ስላለፈ 0.01። ስለዚህ ሰው ሰባት ሰከንድ ቀድቶ ይዘጋል፣ ከሰልፉ ጫፍ ሄዶ ይቆማል፣ ተራው ሲደርስ ሌላ ሰባት ሰከንድ ይቀዳል። አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጃል። አውቶቡስ ላይም እንደዚሁ ነው፤ ተሳፋሪው ከፌርማታው ሁለት መቶ ሜትር ቀደም ብሎ ይወርድና ቀሪውን በእግሩ ይጨርሳል። ከተማው ሁሉ ከግማሽ በታች መኖር ለምዷል። ልጆቻችን ቁጥር የሚማሩት ቧንቧው ጋ ስለሆነ፣ ከሰባት በኋላ ምን እንደሚመጣ ሲጠየቁ «ዝጋ!» ይላሉ።

እማማ ሜሮን ብቻ እንደዚያ አያደርጉም ነበር። ጀሪካናቸውን ደቅነው ሞልቶ እስኪፈስ ይጠብቃሉ። ከኋላቸው «እማማ፣ ኧረ ስምንት አለፈ!» ተብሎ ሲጮህ፣ «ጀሪካኑ አልሞላማ የኔ ልጅ» ይላሉ። ሰው ወይ ጃጅተዋል ወይ የተደበቀ ሀብት አላቸው ብሎ ያማቸው ነበር። በወረቀት ብር ዘመን የባንክ ገንዘብ ከፋይ ስለነበሩ ሁለተኛው ወሬ ያይል ነበር።

«ዜሮ ዕዳ?» አሉ ጋሽ ናሆም ቧንቧውን በሰባት ዘግተው። «ዜሮ ዕዳማ እኔም አለብኝ። ክፈልላቸውና ይለቅ።»

«ስንት ልክፈል?»

«ያንኑ ዜሮ ነዋ!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ካርዴን አውጥቼ በእማማ ሜሮን የእድር ሒሳብ ላይ አንድ ሳንቲም ከፈልኩ። ትንፋሽ ሳልወስድ ካርዴ ተንቀጠቀጠ፦ «ትርፍ ክፍያዎ ተመልሷል። ስላመኑን እናመሰግናለን።» ሁለት ሳንቲም ከፈልኩ። ሁለቱም ተመለሰ። ጋሽ ናሆም አላምን ብለው በራሳቸው ካርድ ሞከሩ። የእሳቸውም ተመለሰ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ በሩን ስጠይቀው ውዝፍ አለ ይለኛል።

ጋሽ ናሆም ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉበት። «ስማ ዮፍታሔ። አንድ ሰው እየበላ ነው። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከሰባት በታች ሲኖር፣ ያ ቅንጥብጣቢ ሁሉ የት ነው የሚገባው?» ከዚያም ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንተ አይደለህም አይደል? ሒሳብ የተማርከው አንተ ነህ።»

«ጋሽ ናሆም!»

«ቀልዴን እኮ ነው» አሉ። ዓይናቸውን ግን ወዲያው አላነሱም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቋቱ መስኮት ሄድኩ። የከተማው ሰው ሒሳብ ሁሉ የሚቀመጥበትን ማሽን ሁላችንም ቋቱ ነው የምንለው፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። መስኮቱ ግን ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ነው። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛ ደረቷ ላይ «ቤዛ» የሚል ስም ለጥፋለች። ትሑት ናት። ነገሩን እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ሙሉውን ማየት ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

«ሙሉው ምን ማለት ነው?»

«ካርዱም በሩም የሚናገሩት ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ነው። ቋቱ የሚያስቀምጠው ስድስት ነው።»

«ይሄን ለምን ማንም አልነገረንም?»

«ማንም ጠይቆ አያውቅም» አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

ሦስት መስመር ነበር። ህሊና፣ ኤልዳና፣ ሶልያና፤ ሦስቱ የእማማ ሜሮን ልጆች። በእያንዳንዷ ስም ፊት የሚፈለግ 333.333333፣ የተከፈለ 333.330000፣ ቀሪ 0.003333 ይላል። ከመስመሮቹ ግርጌ ደግሞ፣ «የድርሻው ዓይነት፦ ሲሶ። ያስገባው፦ ጸሐፊ ዮፍታሔ አንተነህ።»

ስሜን ደግሜ አነበብኩት። ሌባ ፍለጋ ነበር የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእድራችን አንድ አባል ሰማንያ ዓመት ሲሞላው የዓመቱን አንድ ሺህ ብር መዋጮ ልጆቹ ይካፈሉታል። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ሦስት ልጆች ሲሆኑ ለሁለቱ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ብር ከሠላሳ ሦስት ሳንቲም፣ ለታላቅየው ደግሞ አንድ ሳንቲም ጨምረው ይጽፉ ነበር። የበኩር ሳንቲም ይባላል። ባለፈው መስከረም እኔ ስረከብ እትዬ ህሊና «ሁልጊዜ እኔ ላይ ለምን? ቀድሜ ስለተወለድኩ?» አለችኝ። በቀልድ ነበር ያለችው፤ እኔ ግን አሰብኩበት። እውነትም አድልዎ ሆኖ ታየኝ። የበኩሯን ሳንቲም ሰረዝኩና ለሦስቱም ሲሶ፣ ሲሶ፣ ሲሶ ብዬ አስገባሁ። ማንም ከማንም እንዳይበልጥ።

ቋቱ ሲሶውን እንዳለ አስቀመጠው። የሚከፈለው ግን በሳንቲም ስለሆነ ከእያንዳንዳቸው የሳንቲም ሲሶ ሳይከፈል ቀረ። አንድ ሳንቲም ስንከፍል ሁለት ሲሶው ትርፍ ይሆናል፤ ትርፉ ተጠጋግቶ አንድ ሙሉ ሳንቲም ሆኖ ይመለሳል፤ ያች ሲሶ ባለችበት ትቀራለች። ከፈለጉ መቶ ዓመት መክፈል ይቻላል።

«የእኔንስ ሒሳብ ማየት እችላለሁ?» አልኳት።

አሳየችኝ። ውሃ 0.004900። ውሃ 0.004900። አውቶቡስ 0.004720። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከግማሽ በታች ዘግቼ ያተረፍኩት የመሰለኝ ሁሉ በተራ በተራ ተጽፎ ተቀምጧል። በየወሩ መጨረሻ ይደመርና «ልዩ ልዩ አገልግሎት» በሚል ስም ይቆረጣል፤ የእድር መዋጮ ብቻ ነው እዚህ የማይደመረው። ያችን መስመር ሁላችንም እናውቃታለን። ምን እንደሆነች ስለማናውቅ የባለሥልጣን ኪስ ናት እንል ነበር። አንድም ሳንቲም አልተበላም፤ አንድም ሳንቲም አላተረፍንም።

«ሲሶዎቹን ወደ እናታቸው መመለስ ይቻላል?» አልኳት።

«ወደ መነሻው መመለስ ይቻላል። ዕዳውም አብሮ ይመለሳል። ተቀባይዋ ግን በሕይወት ሆነው፣ በራሳቸው መዳፍና በራሳቸው ድምፅ መቀበል አለባቸው።» ጣቷ ስክሪኑ ላይ ተንቀሳቀሰ። «ሦስቱ ሲደመሩ 0.009999 ይሆናሉ። ካርዱ አንድ ሳንቲም ብሎ ያሳያል። አንድ ሳንቲም ሲከፍሉ የሚተርፈው አንድ ሚሊዮንኛ ብር ነው። ሲጠጋጋ ዜሮ ስለሆነ የሚመለስ ነገር አይኖርም። በሩ ይከፍታል።»

«ያቺ የተረፈችውስ?»

«ትቀመጣለች» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ሜሮን ቤት ሄድኩ። እትዬ ህሊና ነች በሩን የከፈተችልኝ። ሁለቱ እህቶቿ ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን በሹክሹክታ፣ በተቻለኝ መጠን ቀስ ብዬ አስረዳኋት። የመጋዘኑን በር መጠየቄን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ዕዳውን ወደ እናቷ መመለስ የሚለው ጋ ስደርስ ኮሪደር ላይ ገፍታ አወጣችኝና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እናቴ አፏ ላይ ነፍስ እያለ ዕዳ ልትጽፍባት ነው የመጣኸው?»

«እትዬ ህሊና፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ሳንቲም...»

«ቀብሯ ላይ ዕዳ ነበረባት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሕዝብ ፊት ምን ልል ነው? ለአንድ ደቂቃ ነበረባት ልበል?»

«ካልተቀበሉ በሩ አይከፍትም።»

«ሲሶ ስትለኝም ይሄንኑ ፊት ይዘህ ነበር» አለችኝ። «ይሄንኑ ልስልስ ያለ ፊት። ድርሻችንን ከእኛ ላይ አንስተህ ወዴት ልትወስደው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እኔን አላምንም።

ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ህሊና፣ አስገቢው። ስንት ጎደለ ነው የሚለው?»

ገባሁ። እማማ ሜሮን ከትራሱ ብዙ አይለዩም ነበር፤ ዓይኖቻቸው ግን ንቁ ናቸው። ሁሉንም እስከ ስድስተኛው አሃዝ ነገርኳቸው። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አብረውኝ ደመሩ።

«ሦስት ሲሶ አንድ አይሞላም?» አሉኝ።

«ቋቱ ላይ አይሞላም እማማ። አንድ ሚሊዮንኛ ይጎድላል።»

ሊስቁ ሞከሩና ሳል ያዛቸው። ሶልያና ውሃ አቀመሰቻቸው። «እኔ መስኮት ላይ ስሠራ» አሉ እያረፉ፣ «ሥራ ሲያበቃ ቆጥረን ከጎደለ ከኪሳችን ሞልተን እንሄድ ነበር። እንበሳጫለን እንጂ አንፈራም። የተረፈ ቀን ነበር እንቅልፍ የሚነሣኝ። የጎደለ ባለቤቱ ይታወቃል፤ እኔ ነኝ። የተረፈው የማን ነው?»

«አሁንም ትተርፋለች እማማ። አንድ ሚሊዮንኛ።»

«እሷን አንተ ጠብቃት እንግዲህ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ትልቋ ልጃቸው ዞሩ። «እጄን ያዥልኝ።»

እትዬ ህሊና እኔን ሳታይ የእናቷን መዳፍ በእናቷ ካርድ ላይ አሳረፈች። ካርዱ ጠየቀ፤ «ሜሮን ገብረሕይወት፣ ሦስት ዕዳዎች ይቀበላሉ?»

«እቀበላለሁ» አሉ። ድምፃቸው ያኔ የባንክ ሠራተኛ ድምፅ ነበር።

ስክሪኑ 0.01 አለ። ሳንቲሟን የከፈለችው ህሊና ናት፤ የበኩር ሳንቲም። ካርዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደሚናደፍ ነገር እያየችው፣ ሳንቲሟ እስክትመለስ ጠበቀች። አምስት ደቂቃ ያህል ሁላችንም ያንን ካርድ አየን። አልተንቀጠቀጠም። ህሊና ያለቀሰችው ያኔ ነው።

እማማ ሜሮን መጋቢት 13 ቀን ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። ስማቸውን ጠርቼ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ፤ ጥሩንባው በአሥራ አራቱም ብሎክ ተነፋ። ቧንቧው ጋ የነበሩ ሰዎች ጀሪካናቸውን ሜዳ ላይ ትተው መጡ። ሁለት መቶው ወንበር አልበቃም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ናሆም ተነሥተው እንደ ወጉ «ከሟች የሚፈልግ አለ? ሟች የሚፈልጉበትስ?» ብለው ጠየቁ። ህሊና «የለም» አለች፤ ሕዝቡም «የለም» አለ። እኔ ያቺን የተረፈች ሚሊዮንኛ አሰብኩ።

ለጎረቤቶቼ ስለ ልዩ ልዩ አገልግሎት ነገርኳቸው። ከሰባት በታች መዝጋት ምንም እንደማያተርፍ፣ ሁሉም እንደሚጻፍ አስረዳሁ። አንድ ሁለቱ ሰሙኝ። የቀሩት ቋቱ ስንት እንደከፈለኝ ጠየቁኝ። ሰልፉ እንደነበረ ነው።

መስከረም 4 ቀን 2076 የአዲሱ ዓመት የአባላት ዝርዝር ደረሰኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም። በሕይወት ያለነው ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነን። አንድ በአንድ ሳመሳክር አገኘኋቸው፤ «ሜሮን ገብረሕይወት። ተቀማጭ 0.00። ሁኔታ፦ በሕይወት።»

መስኮቱ ላይ ያገኘኋት ያችው ቤዛ ናት።

«ተቀማጭ ያለው ሒሳብ አይዘጋም» አለችኝ። «ሒሳቡ ያልተዘጋ ሰው ደግሞ አልሞተም።»

«ተቀማጩ እኮ አንድ ሚሊዮንኛ ብር ነው። አውጡትና ዝጉት።»

«ዝቅተኛው ወጪ አንድ ሳንቲም ነው።»

«እንደ እሳቸው ያለ ስንት ሰው አለ?»

ጻፈች። «ከከተማው የእድር አባላት ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ በመቶ።»

አባላቱ ስምንት መቶ ሺህ ነን። በልቤ አሰላሁት። ከስምንት መቶ ሺህ ሰው 0.00 በመቶ ማለት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሰውም ሊሆን ይችላል።

«ሙሉውን ማየት ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

ሠላሳ ሁለት ነበሩ። ሠላሳ ሁለተኛዋ እማማ ሜሮን ናቸው። በእያንዳንዱ ስም ፊት የዘንድሮው መዋጮ አንድ ሺህ ብር ተጽፏል፤ ከፋይ የላቸውም።

«ይሄን ማን ይከፍላል?»

«ከመስከረም አንድ ጀምሮ ያልተሰበሰበ መዋጮ ለአባላት ሁሉ እኩል ተከፋፍሎ በየወሩ ይታሰባል። የእድር ጸሐፊዎች ድምፅ የሰጡበት ነው።» ስክሪኑን ትንሽ ወደ ታች ሳበችው። «እርስዎም አዎ ብለዋል።»

አስታወስኩ። ሰኔ ላይ አንድ ጥያቄ ካርዴ ላይ መጥቶ ነበር። «ያልተሰበሰበ መዋጮ ለሁሉም እኩል ይከፋፈል?» ይላል። አሰብኩበት፤ ፍትሐዊ ሆኖ ታየኝ። አዎ አልኩ።

«በወር ለአንድ ሰው ስንት ይደርሳል?»

ቤዛ መልስ ከመስጠቷ በፊት እኔም ሠላሳ ሁለት ሺህ ብሩን ለአሥራ ሁለት ወርና ለስምንት መቶ ሺህ ሰው በጣቴ መስታወቱ ላይ አካፍዬ ጨርሼ ነበር። አብረን ነው የደረስንበት። 0.003333።

ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው። ጋሽ ናሆም ቧንቧው ጋ ነበሩ፤ አይቼ እንዳላየ አልፌ ወደ መጋዘኑ ጎራ አልኩ። ተከትለውኝ መጡ። መዳፌን በሩ ላይ ሳሳርፍ ከኋላዬ ደረሱ።

«ማን ታመመ?» አሉኝ።

«ማንም አልታመመም ጋሽ ናሆም።»

«ታዲያ የማንን ስም ልትጠራ ነው?»

የራሴን ጠራሁ።

«ዮፍታሔ አንተነህ» አለ በሩ ዝቅ ባለ ድምፁ። «ውዝፍ አለ። የዕዳው መጠን፣ ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም።»

ጋሽ ናሆም በሩን፣ ከዚያ እኔን አዩ። እጄን ሳላነሣ ዞሬ «የእርስዎንም ልጥራው?» አልኳቸው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።